አያ ፋንታ ያለ ጥሩምባ የመጡ ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጥቅምት ላይ ቤታችን የሆነውን ካልነገርኳችሁ ደህና እንቅልፍ አይወስደኝም። በባጃጄ ለተሳፈረ ሰው ሁሉ ነግሬዋለሁ። ሁለቴ የሰሙ አሉ። ሦስተኛ ስጀምርባቸው «ወራጅ አለ» ብለው ሰፈራቸው ሳይደርሱ የወረዱም አሉ። ከጽሑፍ ላይ ግን ወራጅ የለም ብዬ ይኸው በጽሑፍ መጣሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ፊደል ስገድፍ እያለፋችሁ አንብቡ።

አካለ ወልድ እባላለሁ፣ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም፣ የአያ ፋንታ ነው። እኔ የገባሁበት ለማበላሸት ያህል ነው።

አያ ፋንታ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ ያቺን የተጣመመች ጥሩምባ ይዘው ይነሱና ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ይነፋሉ። ከዚያ ቆም ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሠርተዋል። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ አንገታቸው ቀድሞ ይደርሳል። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ግን ምን ያደርጋል፣ ደጃፉ ላይ ሲቆሙ የማይደነግጥ ሰው የለም። ሽንኩርት ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ እንኳ ባለሱቋ መጀመሪያ «ማን?» ትላቸዋለች፣ ከዚያ ነው «ስንት ኪሎ?» የምትለው።

እኛ ባለባጃጆቹ ደግሞ ባስን። በሌሉበት «የሞት ፖስተኛ» እንላቸዋለን። ጠዋት የመጀመሪያ ተሳፋሪህ እሳቸው ከሆኑ ያ ቀን አለቀለት ብለን እናምናለን። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ግን እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ባጃጄን ወልውዬ ቀና ስል ፊቴ ቆመዋል።

«ልጄ፣ እስከ ጤና ጣቢያ ታደርሰኛለህ? ጉልበቴን አሞኛል።»

«አያ ፋንታ፣ ሞተሩ እምቢ ብሎኛል» አልኩና ቁልፉን ሳላዞር ማስነሻውን ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ አደረግኩላቸው።

ጥሩምባቸውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አጣፉ። «በል ግባና መሪውን ያዝ፣ እኔ እገፋልሃለሁ» ብለው ወደ ኋላ ዞሩ። ጉልበታቸውን የታመሙ ሰው፣ ምንም ያልሆነ ባጃጅ፣ ከመናኸሪያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ገፉልኝ። እኔ ውስጥ እንደ ዳኛ ተቀምጫለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሰው ማየት ሲጀምር ጊዜ አፈርኩና ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳ።

«እግዜር ይመስገን» አሉ እያለከለኩ። «በል ሂድ፣ ሥራህ እንዳይቆም።»

ሥራዬ እንዳይቆም ሄድኩ። እሳቸውን ሳልጭን።

እንግዲህ ይህን የሠራሁት መቼ ነው ብትሉኝ፣ ክርስቶስን በሰው ፊት ላይ እፈልጋለሁ ብዬ ቆርጬ በተነሳሁበት ወር ነው።

እሱ እንዴት መጣ መሰላችሁ፣ በፍልሰታ ቄስ ገብረ ሕይወት ሲያስተምሩ «ጌታን አየዋለሁ ብላችሁ ወደ ሰማይ አታንጋጡ፤ በየቀኑ ደጃችሁ ይመጣል፣ በችግረኛው፣ ሰው በሚሸሸው ሰው አምሳል ይመጣል። የምታውቁት ግን ልባችሁ ሲከፈት ነው» አሉ። ሌላው ሰው ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ሰምቼ ፍለጋ ጀመርኩ። «ሰው በሚሸሸው» ያሏት ቃል የት እንደገባች አላውቅም፣ እኔ ጋ አልደረሰችም። እኔ የያዝኩት ረጅም ፀጉር፣ ሰፊ ግንባር፣ ረጋ ያለ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ከየጁቤ የመጡ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ደጋግፌ አሳፈርኳቸው፣ ሒሳብ አልቀበልም አልኩ፣ መንገዱን ሁሉ በመስታወት ሳያቸው ዋልኩ። ፍርድ ቤት በር ላይ ሲወርዱ እጄን ጨብጠው «አንተ ደግ ልጅ ነህ፣ ወንድሜ ድንበር ገፍቶብኛል፣ ምስክር ሁነኝ» አሉኝ። መሬቱን አይቼው አላውቅም ብላቸው «ግዴለም፣ እኔ እነግርሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ሸሸሁ።

አሁን አባቴን ላስተዋውቃችሁ፣ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። አባቴ ሀብተ ሥላሴ አምና ነው ያረፈው። የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ በየወሩ በሃያ ሰባት ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ የአባቴ ወር ጥቅምት ነበር። ሲሞት ማኅበሩ ቦታውን ለእኔ ሰጠኝ። ይህቺ ጥቅምት እንግዲህ የእኔ የመጀመሪያ ድግስ ነበረች።

ማኅበራችን አንድ ሥርዓት አለው። ከማኅበሩ ሙሴ ጎን፣ ሙሴ የምንለው አለቃችንን ነው፣ አንድ ቦታ ባዶ ይተዋል። የመጀመሪያው እንጀራና የመጀመሪያው ዋንጫ ጠላ እዚያ ይቀመጣል። የዚያን ቀን ቀድሞ በሩን ያንኳኳ ሰው የመድኃኔዓለም እንግዳ ይባላል፣ ገብቶ እዚያ ይቀመጣል። እሱ ሳይቀምስ ቄሱም ቢሆኑ አይቀምሱም።

እኔ ይህን የሰማሁት ገና አምና ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው ለሥራ ወደ ሞጣ የሄድኩት፣ ከዚያ ወዲህ ጥቅምትን ቢቸና ውዬ አላውቅም። ልጅ ሳለሁም የጽዋ ቀን እኛ ልጆች ወደ ጎረቤት እንባረር ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱን ስሰማ ምን እንዳሰብኩ ገምቱ። ባዶ ቦታ አለ፣ የመድኃኔዓለም እንግዳ አለ፣ እኔ ደግሞ ፈላጊ ነኝ። ማንም ባንኳኳ አይሆንም፣ እኔ ራሴ መርጬ አስቀምጠዋለሁ አልኩ።

ለበዓሉ ስድስት ቀን ሲቀረው ጎማ ልገዛ ሞጣ ሄድኩ። ጋሽ ሳሊህ ጋ። ጋሽ ሳሊህ ድሮ ያሠራኝ የነበረ ጎማ ጠጋኝ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት እሱ ሥር ጎማ ስነፋ ኖሬያለሁ። ጎማውን ሲያወርድ ፊቱን ትኩር ብዬ አየሁት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ማንን እንደምትመስል እያየሁ ነው ጋሼ።»

«አባቴን ነው የምመስለው። ያዝ ጎማውን።»

ዝም ማለት መች እችላለሁ፣ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ እንግዳው፣ እኔ ስለምመርጠው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ።

«በእኛ ቤት» አለ «ደጅ የቆመን ሰው ግባ ነው የምንለው። ማንነቱን ከበላ በኋላ ትጠይቀዋለህ። አንተ ሠራተኛ ልትቀጥር ነው እንዴ፣ መልክ የምትመርጥ?»

ጥሩ ምክር ነበር። ጎማውን ይዤ፣ ምክሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሰው ተቀመጠ። ፀጉሩ ትከሻው ይደርሳል። ግንባሩ ሰፊ ነው። ዓይኑ ረጋ ያለ ነው። እግሩ ሥር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን አለ፣ ውስጡ ጭው ጭው ይላል። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ብርድ መጣ፤ ሰውዬው ካርቶኑን ከፈተ፣ አንዲት የደከመች ጫጩት አወጣና ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አስገባት። እኔ በዚህ ጊዜ መቀመጫዬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ቄስ ገብረ ሕይወት ጌታ ራሱን ጫጩቶቿን በክንፏ በምትሰበስብ ዶሮ እንደመሰለ አስተምረውን ነበር። እኔስ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ልጠብቅ?

«ስምህ ማን ይባላል?» አልኩት።

«ስጦታው።»

ይኸው አልኩ በልቤ።

«ከየት ነህ?»

«ከደጀን። ጫጩት አከፋፍላለሁ። በሃያ ሰባትም ያዘዙ ሰዎች አሉ፣ ቢቸና እመጣለሁ።»

በሃያ ሰባት። እጁን ይዤ ቤቴ ካልመጣህ አልለቅህም አልኩት። መጀመሪያ ዕቃ ልሸጥለት የፈለግኩ መስሎት ነበር፣ ኋላ «ድግስ ነው» ስለው «እሺ፣ ጫጩቶቹን አድዬ ስጨርስ እመጣለሁ» አለ።

በዓሉ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ቤታችን ገቡ። እማዬ ባንቺዓለም ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ናት። እኔ በር ላይ ነኝ። እንጀራው ባዶው ቦታ ላይ ተቀምጧል፣ ዋንጫው ተሞልቷል። ብዙም ሳይቆይ በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ። ልቤ ዘለለች። ከፈትኩ።

አያ ፋንታ ናቸው።

ልቤ ከዘለለችበት ሳትመለስ ወደቀች። «ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም ልጄ። ደህና ነው ሁሉም።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት፣ ጥሩምባቸውን አልያዙም። ነጠላቸው ታጥቧል። ጫማቸውን ቀለም ቀብተውታል። ፈገግ ብለው ቆመዋል። እኔ ግን ምን ታየኝ፣ ጫጩት አቅፎ የሚመጣው ሰው ብቻ። እሳቸው ቢገቡ ቀድመው ያንኳኩት እሳቸው ሊሆኑ ነው፣ ቦታዬ ሊያዝብኝ ነው። በሩን በትከሻዬ ያዝ አድርጌ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አያ ፋንታ፣ ዛሬ የጽዋ ቀን ነው፣ እንግዳ አለብኝ። እርስዎን ሲያይ ደግሞ ሰዉ ይደነግጣል። ነገ ብቅ ይበሉ» አልኳቸው።

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «እሺ ልጄ። አባትህን ነፍስ ይማር» ብለው ዞሩ። አንገታቸው ቀድሞ ሄደ።

በሩን ዘጋሁና ስጦታውን መጠበቅ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ወጡ ይሸታል፣ የሚበላ የለም። የቄስ ገብረ ሕይወት ሆድ ጮኸ፣ ሁላችንም ያልሰማን መሰልን። ሙሴያችን ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ በሩን በሩን ያያሉ።

«እንግዳችን ዛሬ ዘገዩሳ» አሉ።

«ይመጣል ጋሼ፣ የደጀን ሰው ነው፣ መንገድ ይዞት ነው» አልኩ።

«የደጀን?» አሉ። ቄሱን አዩ፣ ቄሱ ወጡን አዩ።

መጨረሻ ላይ ስጦታው መጣ። አንድ ካርቶን ያልተሸጠ ጫጩት ይዟል። እጁን ይዤ እንደ ሙሽራ አስገባሁት፣ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ፣ ጫጩቶቹም ጀመሩ። እሳቸው ዝም ሲሉ እነሱ ይቀጥላሉ። ተባርኮ ሲያልቅ ስጦታው የመጀመሪያውን ዋንጫ ጭልጥ አድርጎ፣ አፉን ጠርጎ፣ ለማኅበርተኞቹ ስለ ጫጩት ክትባት ማስረዳት ያዘ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሐሜት አይደለም። ግን ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስን ዓይን ዓይናቸውን እያየ «አባቴ፣ ለእርስዎ ሃያ ልያዝልዎት?» ሲላቸው እኔ እግሬ ሥር ያለውን የምንጣፍ መስመር መቁጠር ጀመርኩ።

እንዲህ እያለን እማዬ ከጓዳ ወጣች። በእጇ ትንሽ ድስት ይዛለች። ቤቱን ዞራ አየችና ስጦታው ላይ ቆመች።

«ፋንታ የታል?» አለች። «ለጨጓራው ብዬ አልጫ ሠርቼለት ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አልመጣም እንዴ?»

«መጥተው ነበር» አልኩ። «ነገ ይምጡ አልኳቸው።»

እማዬ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አለችና ነገረችኝ።

«አስናቀች የሞተች ጊዜ፣ ሚስቱ፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ አንተ ሞጣ ነበርክ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እሱ ብቻ ነው፣ ማን ይንፋላት? ራሱ ይዞ ወጣ። በየደጁ ቆሞ ሲነፋ ሰዉ ‹የማን ቤት ነው?› ይለዋል፣ ‹የኔ› ይላል። አባትህ ድምፁን ሰምቶ ወጣና እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ሄደ። ሌላ ምንም አላደረገም፣ አብሮት ሄደ። የዚያን ዓመት ጥቅምት ላይ ‹ጥሩምባህን ቤት ትተህ ና፣ ቀድመህ አንኳኳ፣ ቦታው ያንተ ነው› አለው። በየዓመቱ ይመጣል። ፋንታ ያለ ሞት ሰው ቤት የሚገባው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ እሱም እዚህ።»

«እኛም እሱን ስንጠብቅ ነበር» አሉ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀስ ብለው።

ቄስ ገብረ ሕይወትን አየኋቸው። «አባ፣ አላወቅኩም እኮ» አልኩ።

«እኔስ ምኑን አወቅሁ ልጄ» አሉ። «ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ወጡን እያሰብኩ ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።»

ድስቱን አነሳሁ፣ እንጀራ ጠቀለልኩ፣ ሮጬ ወጣሁ። ባጃጄን ላስነሳ ብዬ ማስነሻውን ሳብኩ። እምቢ አለ። ቁልፉን አዙሬዋለሁ፣ ነዳጅ አለው፣ ምንም አልሆነም፣ እምቢ አለ። ይህን ለባለባጃጆቹ ስነግራቸው እስከ ዛሬ የሚያምነኝ የለም። የሚገፋልኝም ሰው አልነበረም። በእግሬ ሄድኩ፣ አልጫው በክንዴ ላይ እየፈሰሰ።

የአያ ፋንታ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። አንኳኳሁ። ከውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ፣ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ። በሩ ሲከፈት ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ጥሩምባውን ይዘዋል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም አያ ፋንታ።»

«የየትኛው እድር ሰው ነው?»

«የለም፣ ማንም አልሞተም። እርስዎን ብዬ ነው የመጣሁ።»

ጥሩምባውን እንደያዙ አዩኝ። ነገሩ እንዳልገባቸው ያስታውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ያን በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ ቤቱ ሬሳ አስቀምጦ ነው የመጣው።

ይቅርታ ለመንኳቸው። የባጃጇንም ተናዘዝኩ፣ ያን ቀን ደህና እንደነበረች። «አውቄያለሁ» አሉኝ። «ስገፋት ጊዜ ቁልፉ እንዳልዞረ አይቻለሁ።» ታዲያ ለምን ገፉልኝ ብላቸው «ውስጥ ገብተህ ስትቀመጥ ምን ላድርግ?» አሉ። እንግዲህ እኔን ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ድስቱን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ምግብ አላጣሁም ልጄ» አሉ። «እኔ የመጣሁት ልቀመጥ ነው።»

«ይምጡና ይቀመጡ።»

«ሰዉ ይደነግጣል ያልከኝ አንተ ነህ። ልክ ነህ ደግሞ። አባትህ እያለ ቀድሞ ደጅ ቆሞ ይቀበለኝ ነበር፣ ስለዚህ ጎረቤቱ አይደነግጥም። አሁን በዚህ ሰዓት በመንገድ ስሄድ የሚያየኝ ሁሉ ልቡ ይወርዳል፣ በበዓል።»

ትንሽ አሰብኩ። ማሰብ ልማዴ ስላልሆነ ቶሎ ጨረስኩ። «እኔ ቀድሜ እየተናገርኩ እሄዳለሁ» አልኩ።

ጥሩምባውን አስቀመጡ። የታጠበችዋን ነጠላ መልሰው ለበሱ። መንገድ ላይ ስንወጣ እኔ ከፊት፣ ድስት በክንዴ፣ እንዲህ እያልኩ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ ማንም አልሞተም። አያ ፋንታ የመድኃኔዓለምን ጽዋ ሊቀምሱ እየሄዱ ነው።»

ሰው ከየቤቱ ወጣ። አያ ፋንታ ከኋላዬ ጠጋ ብለው፣

«እንደሱ አይደለም» አሉኝ። «ከሆድህ አውጣው። መጨረሻውን ደግሞ አትዋጠው፣ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው ያለው።»

ከሆዴ አወጣሁት። ባለሱቋ ብቅ ብላ «ማን?» አለች።

«ማንም» አልኳት።

«ታዲያ ስንት ኪሎ?» አለች፣ ልማድ ሆኖባት። አያ ፋንታ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፣ ከላይ ሁለት ጥርስ የላቸውም።

ቤት ስንደርስ እማዬ ደጅ ቆማ ጠበቀቻቸው፣ አባቴ ይቆም በነበረበት። ስጦታው ካርቶኑን አንስቶ በር ሥር ተቀምጧል። «የሰው ቦታ መሆኑን ማን ነገረኝ» አለ እየቀፈፈው። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ዋንጫውን እንደገና ሞሉ። አያ ፋንታ ተቀመጡ፣ ለአባቴ ነፍስ ጸለዩ፣ ቀመሱ። ከአልጫው የተረፈውንም በሉ፤ ብዙ አልተረፈም፣ አብዛኛው እጅጌዬ ላይ ነበር።

እኔ ፊታቸውን ሳይ ቆየሁ። ብርሃን ምናምን እጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ አመሌ አይለቅም። ብርሃን የለም። ጢማቸው ላይ አልጫ አለ። ከዚያ ዝቅ ብዬ እጃቸውን አየሁ። ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ ያንን ባጃጅ የገፋውን። ያን ጊዜ ወጣሁና ጓዳ ገባሁ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ ነበር፣ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ተሳፋሪዬ አያ ፋንታ ናቸው። የጀመርን ዕለት፣ ሳልደብቃችሁ፣ ሁለት ጎማ ፈነዳብኝ። ባለባጃጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ሳሊህ ጋ ሄጄ ሌላ ጎማ ገዛሁ፣ ፊቱ ላይ ግን አላፈጠጥኩም። «እንግዳህ መጣ?» አለኝ። «መጥቶ ነበር፣ እኔ መልሼው ነው» አልኩት።

እናንተስ? በር ላይ «ነገ ብቅ ይበሉ» ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው ማን ነበር፣ ሄዳችሁስ አንኳኳችሁለት?